አስኳሉ ለጋሼ፣ ነጩ ለራዲያተሩ

አክስቴ መኪናዋን የምትጠራት "ጣውንቴ" እያለች ነው። እውነተኛ ጣውንት ብትኖርባትማ ቢያንስ ተራ ይደርሳት ነበር። ይህቺኛዋ ግን ክብ መብራቶቿን አፍጥጣ፣ በየሳምንቱ ገላዋን እየታጠበች፣ በረንዳው ጥላ ሥር በክብር ስትኖር፣ አክስቴ በእግሯ ትኳትን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአክስቴ ቤት ያለው ከከተማው በላይ፣ ጠመዝማዛ አቀበት ጫፍ ላይ ነው። ባሏ፣ እኔ ጋሼ የምለው፣ ያቺን አረንጓዴ መኪና በወጣትነቱ ገዝቶ እስኪሞት አልለወጣትም። መኪናዋ ሜዳ ላይ እንከን አይወጣላትም፤ አቀበት ስታይ ግን ትፈላለች። ስለዚህ ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ጋሼ ያቆምና "ውረጂ፣ ይቅለላት" ይላል። አክስቴ ጀሪካን ውሃዋን አንጠልጥላ ትወርዳለች። ከገበያ ሲመለሱ እንደዚያ፣ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ እንደዚያ፣ አንዴም ከሠርግ ሲመለሱ በባለ ተረከዝ ጫማ እንደዚያ። እኔ ዳገቱ ሥር ፀጉር ቤት አለኝ። ደንበኞቼ በመስታወቱ አሻግረው እያዩ፣ አክስትሽ መኪናዋን እየሸኘቻት ነው ወይ ብለው ይጠይቁኝ ነበር።

ጋሼ ሞቶ ዓመት ሲያልፈው ሁላችንም መኪናዋን ትሸጣታለች ብለን ጠበቅን። እኔማ ብረታ ብረት የሚገዛ ሰው ፈልጌ እስከ ቤቷ አምጥቼላት ነበር። ሰውዬውን ከበር መለሰችው፤ እኔንም ለጥቂት። ከዚያ ቁጭ አድርጋ ሐሳቧን ነገረችኝ።

"ያንን አቀበት በሕይወቴ አንድ ቀን ተቀምጬ እወጣዋለሁ" አለች። "በሌላ መኪና አይደለም፤ በራሷ በጣውንቴ። ሳልወርድ፣ ውሃ ሳልሸከም። ከዚያ በኋላ ከፈለገች ትቃጠል።"

የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ተመዘገበች። አስተማሪዋ ጨዋ ወጣት ነው፤ ሲጀምር "እማማ" ይላት የነበረው፣ ሲጨርስ "በፈጠረዎት" ነበር የሚላት። ያም ሆኖ አለፈች። በስንተኛው ሙከራ እንዳለፈች እኔም አልናገር፣ እሷም አትጠየቅ።

ከዚያ እድሳቱ ተጀመረ። ላሜራ ሠሪው ዝገቱን ቆርጦ ጣለ። ቀለም ቀቢው ምን ዓይነት ቀለም እንደምትፈልግ ሲጠይቃት፣ ቀይ አድርጋት ብላው ነበር፤ ጋሼ ቀይ አይወድም። በማግስቱ ማልዳ ሄዳ ያንኑ አረንጓዴ አስቀባች፣ አንጀቷ አልቻለም። መካኒኩ ደግሞ ሞተሩን አንድ በአንድ ፈትቶ ገጠመ። ይህ መካኒክ ለመኪና እንጂ ለሰው ብዙም የማያዝን፣ ረጅም ከሲታ ሰው ነው። ሁሉም ካለቀ በኋላ አስነስቶ አዳመጣት። ብዙም ሳይቆይ ከፊት ለፊቷ እንፋሎት ሲወጣ አየና አጠፋት። ለአክስቴም እቅጩን ነገራት፤ ራዲያተሩ መላ ካልተበጀለት ዳገቱ ቀርቶ የጋራዡን ደጃፍ አታልፍም።

ራዲያተር ፍለጋው በእኔ ላይ ወደቀ። ምላስ አለሽ፣ አንቺ ታገኚዋለሽ ተባልኩ። ፀጉር ቤቱን በየሰኞው እየዘጋሁ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። አንዱ ነጋዴ የመኪናዋን ስምና ዕድሜ ስነግረው ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ይመስል ፊቱን አጨፈገገ። ሌላው ቁርጥ አድርጎ ይገጥማል ብሎ የማለበትን አዲስ ራዲያተር ተሸክሜ መጣሁ። ስንገጥመው በአንድ ስንዝር ረዘመና ኮፈኑ አልዘጋ አለ። መካኒኩ ቀጥቅጬ አስገባዋለሁ ሲል፣ አክስቴ አፏን ከፍታ የምትሄድ መኪና አልነዳም አለች። አሮጌ መኪኖች በተጣሉበት ግቢም ሄጄ የእሷን እኩያ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ኮፈኑን ሳነሳ ራዲያተሩ ከተነቀለ ቆይቷል፤ በቦታው ድመት ወልዳለች። እናቲቱ ስታየኝ ያሳየችኝን ፊት ዛሬም አልረሳውም።

መጨረሻ ላይ መካኒኩ፣ ምስጢር እንደሚያወጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የድሮ የነሐስ ራዲያተር የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ እንደነበሩ ነገረን። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም አለ። ይህን ከመጀመሪያው ብትነግረን ምን ነበረበት ስለው፣ እኔን ማን ጠየቀኝ አለ።

ሽማግሌው በሕይወት አሉ። ብቻ ራዲያተር የሚያመጣላቸው ሰው ስለጠፋ፣ ከቆርቆሮ ማንቆርቆሪያና ውሃ ማጠጫ እየሠሩ ይውላሉ። ሥራ ቤታቸው ጠባብ ነው። መሐሉ ላይ እስከ አፉ ውሃ የተሞላ በርሜል፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩ መዶሻዎች፣ ጥግ ላይ አንድ ዝቅ ያለ በርጩማ። የእኛን ራዲያተር ሲያዩ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ተቀብለው ጭናቸው ላይ አጋደሙት፣ በጥፍራቸው እዚህም እዚያም መታ መታ አደረጉት። "ደህና መጣህ" ያሉት ለእኛ ሳይሆን ለእሱ ነበር።

ከዚያ ቀዳዳዎቹን ሁሉ በጨርቅና በጎማ ደፍነው፣ በአንዱ በኩል አየር እየነፉ በርሜሉ ውስጥ ዘፈቁት። የሚያፈስ ከሆነ ከሽንቁሩ አረፋ ይወጣል፤ እኔና አክስቴ በርሜሉ ላይ አጎንብሰን አረፋ ጠበቅን። አንድም አልወጣም። ሽማግሌው አገላብጠው ደግመው ዘፈቁት። አሁንም ጸጥ።

አክስቴ አላመነችም። ዕድሜ ልኳን ስትፈላባት የኖረች መኪና እንዴት አታፈስም ትላለች። ሽማግሌው ሳይቸኩሉ አስረዷት፤ መኪናዋ የምትፈላው ውሃው ፈስሶ አልቆባት ሳይሆን፣ ውሃው የሚወርድባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ስለታፈኑ ነው። ዝገት ይሆናል ብለው የላይኛውን የነሐስ ሳጥን በእሳት አሙቀው ብየዳውን አለቀቁትና አነሱት። ቱቦዎቹን ብርሃን ላይ አድርገው አዩ። በወረንጦ ነጣ ያለ፣ እንደ ብራና የደረቀ ነገር ስበው አወጡ። አሸተቱት፤ በጣታቸው ፈረፈሩት።

"ይህ እንቁላል ነው" አሉ።

እኔ ቀና ብዬ አክስቴን አየኋት። ሰው ዓይን ውስጥ ካልተመለከተች የማይሆንላት አክስቴ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ማንቆርቆሪያ ልትገዛው እንዳሰበች ሁሉ ታጠናዋለች። አሳድጋኛለችና አውቃታለሁ። እትዬ፣ ምን አድርገሻል አልኳት።

ቀስ በቀስ አወጣጣሁት። ድሮ፣ መኪናዋ በእርግጥም ትንሽ ታፈስ በነበረበት ጊዜ፣ ዳገቱ ላይ የቆመ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር የእንቁላል ነጭ ራዲያተር ውስጥ ቢጨመር እንደሚበስልና ሽንቁሩን እንደሚደፍን ነግሯት ነበር። ጋሼ ሰው መኪናውን ሲነካበት አይወድም። ስለዚህ ወደ ከተማ በሚወርዱበት ቀን ሁሉ፣ እሱ ጢሙን ሲላጭ፣ እሷ እንቁላል ትሰብራለች። አስኳሉን ለቁርሱ ትጠብስለታለች፤ ነጩን በኩባያ ይዛ ሹልክ ብላ ትወጣና ጣውንቷን ታጠጣታለች። ሽንቁሩ በመጀመሪያው ወር ሳይደፈን አልቀረም። መፍላቱ ግን ስላልቀረ፣ አንሶ ነው ብላ ሁለት እንቁላል አደረገችው። ይበልጥ ፈላች። ሦስት አደረገችው።

"ታዲያ ዳገቱን በእግርሽ ያስወጣሽ የገዛ እንቁላልሽ ነዋ" አልኩና በሳቅ ወደቅሁ። ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ እሷም ግን እየሳቀች ነበር። ሳቁ ያቆመው ሽማግሌው መነጽራቸውን እየወለወሉ ጥያቄ ሲጠይቁ ነው። ባለቤትዎ ነጭ ኮፍያ የሚያደርጉ፣ ብዙም የማይናገሩ ሰው ነበሩ ወይ አሏት። አዎን አለች።

"አንድ ጊዜ እዚህ መጥተው ነበር" አሉ። "ክዳኑን ከፍቼ ሳሸት፣ ጌታዬ፣ እዚህ ውስጥ እንቁላል የሚጨምር ሰው አለ አልኳቸው። እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። 'ለካስ ቁርሴ አስኳል ብቻ የሆነው ለዚህ ነው' አሉ።"

"ከዚያስ?" አለች አክስቴ።

"ይተዉልኝና ነገ አጥቤ ላስረክብዎ አልኳቸው። 'አይ፣ እንዲሁ ይሁን' አሉ። 'ለሚስቴም እንዳይነግሩብኝ' ብለው ሄዱ። ተመልሰው አልመጡም።"

አክስቴ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ሽማግሌው ያጠፉት ነገር ያለ መስሏቸው ደነገጡ፤ ራዲያተሩን እንዲሠሩት፣ እንደምመለስ ነግሬያቸው ተከተልኳት። ቤት ስንደርስ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ የጋሼን ፎቶግራፍ ወደ ግድግዳው አዞረችው።

ያን ሰሞን የሞተ ሰው እንደዚያ ሲወቀስ ሰምቼ አላውቅም። ሳህን ስታጥብ ትወቅሰዋለች፣ ልብስ ስታሰጣ ትወቅሰዋለች። እኔ ጠበቃ ልሁን ብዬ ሞከርኩ። ሥራ በዝቶበት ይሆናል አልኳት። መኪና ለማጠብ በየሳምንቱ ጊዜ ነበረው አለች። ረስቶት ይሆናል አልኳት። እሱ የሚረሳው የእኔን የልደት ቀን እንጂ የመኪናዋን ዘይት አይደለም አለች። ነገሩ ለእኔም አልገባ ብሎኝ ነበር፤ ጋሼን ክፉ ሰው ነው ብዬ አስቤ አላውቅም።

አንድ ማታ እራት አቅርባ ሳትበላ ተቀመጠች።

"ጣውንቴ ስላት እኮ እቀልድ ነበር" አለችኝ። "አሁን ግን ቀልድ አልሆነም። የአንድ ቀን ሥራ ነበር። ያውቅ ነበር። እሷ ከምትነካ እኔ እንድደክም መረጠ።"

እኔም የዚያን ቀን መቀለዴን ተውኩ። ራዲያተሩ ይቅርብሽ፣ መኪናዋን እንሽጣት አልኳት። አይሆንም አለች፤ አሁንማ ብሶባታል፤ ዳገቱን በዚያች መኪና፣ በዚያ ወንበር፣ ክላክስ እየነፋች ካልወጣች ዓይኗ አይከደንም።

ሽማግሌው ራዲያተሩን ሲሠሩ ሁለት ጊዜ ሄጄ አየኋቸው። ቀጭን የብረት ልጥ ይዘው ቱቦ በቱቦ እየገቡ የአክስቴን እንቁላል ይፍቃሉ። እያንዳንዱን ቱቦ ሲጨርሱ አንስተው በብርሃን ያዩታል፤ ወዲያ ማዶ መስኮቱ ከታያቸው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። የማይድኑትን ሁለቱን በመዳብ ለወጧቸው። የላይኛውን ሳጥን መልሰው በየዱት፣ እንደገና በርሜሉ ውስጥ ዘፈቁት። ሲያስረክቡኝ፣ እንቁላሉን ከእንግዲህ ለሰው ብቻ ያድርጉት በያቸው ብለው መልእክት ሰጡኝ። መልእክቱን አላደረስኩም፤ ቆንጥጣኛለች አንዴ።

መካኒኩ ገጠመው፣ ውሃ ሞላው፣ ከዚያ ጠብታ ፍለጋ መኪናዋ ሥር ተንጋሎ ገባ። ሲያጣ ቅር ያለው ነው የሚመስለው። እጁን እየጠረገ፣ ይሂዱባት አለ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ዳገቱ ሥር ቆምን። አክስቴ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣለች፤ እኔ የበሩን እጀታ። ጀሪካኑን ሆን ብላ ቤት ትታዋለች። ፍሪሲዮኑን ረግጣ ማርሽ አስገባች፤ መኪናዋ ሁለቴ ተንገጫገጨችና ተነሳች። አክስቴ እንደዛተችው ክላክስ ነፋች። ሰው ከየበሩ ወጣ፤ የፀጉር ቤቴ ደንበኞች እጃቸውን አውለበለቡልን። እኔ ዓይኔን ከሙቀት መለኪያው ላይ አልነቀልኩም። ቀስቱ ግማሽ ጋ ደርሶ ቆመ። የመጀመሪያውን መታጠፊያ አለፍን፣ ሁለተኛውን አለፍን። ከዚያ በኋላ ክላክሱን እንደተወችው ልብ አላልኩም ነበር። እንፋሎት የለ፣ ሽታ የለ፤ ሳናስበው ቤቷ ደጃፍ ላይ ደረስን።

ሞተሩን አጠፋች። አጨበጨብኩላት። እሷ ግን አልወረደችም፣ እጇንም ከመሪው አላነሳችም።

"አለቀ?" አለች። "ይቺው ናት?"

ምን ፈልገሽ ነበር አልኳት። ሳትወርጂ፣ ውሃ ሳትሸከሚ፣ ተቀምጠሽ ወጣሽ፤ ያሰብሽው ሞላልሽ። በመስኮቱ ወደ ታች፣ ወደ መጣንበት መንገድ አየች።

"ጋሼሽ ቤት ውስጥ ምን ምን ይናገር ነበር?" ብላ ጠየቀችኝ።

አሰብኩ። ጨው አቀብሉኝ ይላል። እህ ይላል። ዜና ሲጀምር ዝም በሉ ይላል። ሌላ አልመጣልኝም።

"ዳገቱ ላይ ግን ያወራ ነበር" አለች። "እኔ በእግሬ ስሄድ እሱ በአንደኛ ማርሽ ከጎኔ ይሄዳል፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ያወራል። አለቃው የሚሠራበትን ግፍ የነገረኝ እዚህ ነው። እናቱ የሞተች ጊዜ ያለቀሰው እዚህ ነው። ልጅ ባለመውለዳችን አንቺን ጥፋተኛ አድርጌሽ አላውቅም ያለኝ እዚያ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ነው። ቤት ስንገባ ይዘጋል። ዓይኑ መንገዱ ላይ ስለሆነ ይመስለኛል የሚቀለው። እኔ እኮ ድካሙን ብቻ ነው የያዝኩት። ተቀምጬ ብወጣ ኖሮ አንዱንም አልሰማውም ነበር።"

ከዚያ አለቀሰች፤ ሳትደብቅ፣ መሪው ላይ ተደፍታ። እኔም አለቀስኩ። ዓይኗን ጠረገችና፣ ቢሆንም ሊነግረኝ ይገባ ነበር አለች፤ ጉልበቴን እኮ ጨርሶታል፣ ከጎኔ ሂጂ ማለት ምን ይከብዳል? በዚህ ተስማማን። ቤት ገብታ ፎቶግራፉን መልሳ አዞረችው፤ ስትወለውለውም ትንሽ ስትሰድበው ሰማኋት።

በሚቀጥለው እሑድ ከከተማ ስንመለስ ዳገቱ ሥር አቆመች። የመኪናውን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀምጣ ወረደች። መኪናዋ እኮ አሁን አትፈላም አልኳት። አውቃለሁ አለች። እኔም መንጃ ፈቃድ አለኝና መሪውን ያዝኩ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረግሁ፣ በአንደኛ ማርሽ ከጎኗ ተንፏቀቅሁ።

"በይ አውሪ" አለችኝ።

ወሬ ሥራዬ ነው። ቀኑን ሙሉ ፀጉር ስሠራ አፌ አይዘጋም። ስለ ደንበኞቼ ጀመርኩላት፤ የማን ልጅ ታጨች፣ ማን ከማን ተኳረፈ። እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ ድረስ ሰማችኝና አቋረጠችኝ። የሰውን አይደለም፣ ያንቺን አለች። ያኔ አፌ ተያዘ። የጋሼ ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ወደ እሷ ሳልዞር፣ መንገዱን ብቻ እያየሁ ሞከርኩት።

"እትዬ፣ እኔ ብቻዬን መቅረት እፈራለሁ።"

እጇን መስኮቱ ላይ አሳርፋ ጥቂት ሄደች። እኔም አለች። ያንቺ ከእኔ አይብስም አልኳት፤ አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ምን ታውቂያለሽ አለችኝ። እስከ ዳገቱ ጫፍ ማን ይበልጥ እንደሚፈራ እየተከራከርን ሄድን።